ስክሪኑ «ጠላት» ያለው ወዳጅ አውሮፕላን፦ የጉዳይ ጥናት

መጋቢት 14 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2003)፣ ሌሊት። የኢራቅ ጦርነት ከተጀመረ ገና 3 ቀኑ ነው። ቶርኔዶ የሚባል አንድ የእንግሊዝ አየር ኃይል የጦር አውሮፕላን ግዳጁን ጨርሶ ኩዌት ወደሚገኘው ዓሊ አል ሳሌም የጦር ሰፈር እየተመለሰ ነው። ውስጡ 2 ሰዎች አሉ። ለማረፍ ዝቅ እያሉ ነው።

መሬት ላይ የአሜሪካ ጦር የፓትሪዮት ሚሳኤል ምድብ አለ፤ ፓትሪዮት የሚመጣ ሚሳኤልንና አውሮፕላንን ከመሬት ተኩሶ የሚጥል የአየር መከላከያ ነው። የምድቡ ስክሪን ላይ አንድ ነገር ብቅ አለ። ኮምፒውተሩ አበራረሩን አየና ስም አወጣለት፤ «ራዳር አሳዳጅ ሚሳኤል»። ይሄ የሚሳኤል ዓይነት የራዳሩን ሞገድ ተከትሎ መጥቶ ራዳሩን ከነሠራተኞቹ የሚያጠፋ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ለወታደሮቹ የነገራቸው «ጠላት መጣ» ብቻ አይደለም። «ወደ እናንተው እየመጣ ነው» ነው ያላቸው።

«ወዳጅ ነህ ወይስ ጠላት?» የሚለው የሬዲዮ ጥያቄ ተላከ። መልስ የለም። ለመወሰን የነበራቸው ጊዜ 1 ደቂቃ ገደማ ነበር። ተኮሱ። ሁለቱም እንግሊዛውያን ሞቱ።

ይህን ጉዳይ ይዤ የቀረብኩት ጅማ ውስጥ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ፣ ጀበና ቡና የሚፈላባት አንዲት ጠባብ ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኛለን። 7 ሰዎች ነን። በየተራ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዘን እንመጣና በርጩማ ላይ ተቀምጠን እንበልተዋለን። አማርኛውም ኦሮምኛውም ይቀላቀላል። ከመካከላችን ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ አለ። አንዲት ሲስተር አለች፣ ነርስ ናት። ቡና የሚያበጥር ነጋዴ አለ። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የአየር መቃወሚያ ተኳሽ የነበሩ አንድ አዛውንትም አሉ። ሰፈሩ በሙሉ «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚላቸው። እኛም እንደዚያው።

የኔ ተራ ሲደርስ የሰጡኝ ርዕስ አገሮች በጦር ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሽቀዳደማቸው ምን መዘዝ አለው የሚል ነበር። ተማሪው እየሳቀ «ሮቦት ሲያምፅ ልታሳየን ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ያመፀ ማሽን የለም። ማሽኑ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

እውነቱን ለመናገር እ.ኤ.አ. በ2003 የነበረው ፓትሪዮት ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ባጭሩ «ኤአይ»፣ የምንለው ነገር አይደለም። ሰዎች ቁጭ ብለው በጻፉት ሕግ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ፍጥነቱ ይሄን ያህል፣ አወራረዱ እንዲህ ከሆነ፣ ስሙ ይሄ ነው። በቃ። ታዲያ ለምን እሱን መረጥኩ? እስከ ታች ተመርምሮ፣ ውጤቱ ለሕዝብ የወጣ ጉዳይ ስለሆነ ነው። በዚህ ዘርፍ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው። አዲሶቹ መሣሪያዎች ሲሳሳቱ እኛ ጆሮ የሚደርሰው ወሬው ነው እንጂ ምርመራው አይደለም።

የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር ውጤቱን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አጣሪ ቦርዱ አንድ ምክንያት አይደለም ያገኘው። ብዙ ትንንሽ ነገሮች በአንድ ሌሊት ገጥመው ነው ያገኛቸው።

የመጀመሪያው አውሮፕላኑ ላይ ያለው የወዳጅና የጠላት መለያ መሣሪያ አለመሥራቱ ነው። ተበላሽቶ ነበር፤ አብራሪዎቹም ያወቁት አይመስልም። ሁለተኛው ግን የበለጠ ያሳስባል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈው የራዳር አሳዳጅ ሚሳኤል መለያ ሕግ የተሠራው በዓለም ዙሪያ ያሉትን ብዙ ዓይነት ሚሳኤሎች ታሳቢ አድርጎ ነው። ኢራቅ ምን ነበራት የሚለውን አይደለም። ስለዚህ መረቡ ከሚገባው በላይ ሰፋ። ለማረፍ የሚወርድ ወዳጅ አውሮፕላንም ገባበት።

እዚህ ላይ ቡና ነጋዴው አቋረጠኝ። «ይሄማ የኛ ማሽን ነው» አለ። ጥቁሩንና የተበላውን ቡና በቀለም ለይቶ የሚያወጣ ማሽን አለ። ጉድለት እንዳያመልጠው ብለህ አጥብቀህ ካስተካከልከው ደህናውንም ፍሬ ያወጣዋል። የምን ዓመት ቡና እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የታጠበ ይሁን ደረቅ፣ እያየህ ካላስተካከልከው ትከስራለህ። «ግን እኔ የወጣውን ጆንያ ከፍቼ በእጄ አያለሁ» አለ። «ሴቶቹ እንደገና ይለቅሙታል።»

ሰማይ ላይ ያ ጆንያ የለም። ማሽኑ አንዴ ከጣለ ጣለ ነው።

ሦስተኛው የመገናኛ ጉዳይ ነው። ያ ምድብ ሙሉ የመገናኛ መሣሪያው ገና ከአሜሪካ አልደረሰለትም ነበር። ስለዚህ ሌሎቹ ምድቦች የሚያዩትን የሰማይ ሥዕል ማየት አይችልም። ከአለቆቹ ጋር የሚገናኘው በድምፅ ሬዲዮ፣ ያውም በሌላ ምድብ በኩል ነው። በአጭሩ ብቻውን ነበር። አራተኛው ሥልጠናው ነው። ወታደሮቹ የሠለጠኑት አጠቃላይ አደጋዎችን እንዲለዩ እንጂ የሐሰት ማንቂያን እንዲጠረጥሩ አልነበረም። የተኩስ ደንቡም ወዳጅ አውሮፕላን በስህተት «ሚሳኤል» ተብሎ ሲመጣ የሚያቆም ጥብቅ ነገር አልነበረውም።

ሃምሳ አለቃ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የኛ መሣሪያ አሮጌ ነበር» አሉ። «ስልኩ ግን ነበረ። ከመተኮሴ በፊት ‹ከኛ የወጣ አውሮፕላን አለ ወይ?› እላለሁ። አንዳንዴ መልሱ ይዘገያል። ይዘገያላ! ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ስጠብቅ ያመለጠኝም አለ።» ትንሽ ቆይተው ጨመሩ። «ስጠብቅ የተረፈልኝም አለ።»

እዚያ ቤት ውስጥ ያነጋገረን ነገር በሙሉ መነሻው ይቺ ንግግራቸው ናት። መጠበቅ ዋጋ አለው። የምትጠብቀው ጠላት ከሆነ ያመልጥሃል፣ ሊገድልህም ይችላል። ግን ወዳጅህን የሚያድነውም ያው መጠበቅህ ነው። የጦር ኤአይ እሽቅድምድም የሚባለው ነገር ሲጠቀለል ማን ሳይጠብቅ ይተኩሳል የሚል ውድድር ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አማካሪ የሆነው የመከላከያ ሳይንስ ቦርድም ስለ ፓትሪዮት የራሱን ጥናት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2005 ሪፖርት አወጣ። ከሪፖርቱ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማስበው አንድ ነገር ነው። የፓትሪዮት አሠራር በአብዛኛው አውቶማቲክ ነው፣ ሠራተኞቹም ሶፍትዌሩን እንዲያምኑ ነው የሠለጠኑት ይላል። ለምን እንደዚያ ተሠራ? መዓት ሚሳኤል በአንዴ ቢዘንብ ሰው አይደርስለትም ተብሎ ነው። ችግሩ ኢራቅ ውስጥ የሆነው ተቃራኒው ነበር። ፓትሪዮቶቹ የገጠሟቸው የኢራቅ ሚሳኤሎች 9 ነበሩ። በዚያው ሰማይ ላይ የተባባሪዎቹ ጦር አውሮፕላኖች ያደረጉት በረራ ግን 41,000 ገደማ ነው። ዘጠኝን ለመያዝ የተዘረጋ ወጥመድ አርባ አንድ ሺህ ወዳጅ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሲስተር ይሄን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። «እኛ ጋ ማሽኑ ሲጮህ መጀመሪያ የማየው በሽተኛውን ነው» አለች። ጣቱ ላይ የሚሰካው ነገር ወልቆ ሊሆን ይችላል። እጁ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። በሽተኛው ቁጭ ብሎ እየሳቀ ማሽኑ «ሞተ» ሊል ይችላል። ልምድ ያለው ነርስ ማሽኑን አይንቅም፤ ግን ቀና ብሎ ሰውየውን ያያል።

ታዲያ ፓትሪዮት ውስጥ የተቀመጠው ወታደር ቀና ብሎ ምን ያያል? መስኮት የሌለው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። በሽተኛውም ማሽኑም ስክሪኑ ነው።

ታሪኩ በቶርኔዶው አላለቀም። በማግስቱ አንድ የአሜሪካ ኤፍ-16 የጦር አውሮፕላን አብራሪ የሆነ ራዳር እንደያዘው መሣሪያው ነገረው። ራዳሩ ላይ ሚሳኤል ተኮሰ። የተኮሰበት የራሱ አገር ፓትሪዮት ነበር። ሰው አልሞተም። የቡና ቤታችን ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን የሚያስቅ አይደለም። ስርዓቱ ወዳጅን መምታት ከጀመረ ወዳጅም ስርዓቱን መፍራት ይጀምራል።

ከዚያ መጋቢት 24 መጣ፤ ኤፕሪል 2 ቀን 2003። ኪቲ ሆክ ከተባለችው የጦር መርከብ የተነሳ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤፍ-18 በካርባላ አቅራቢያ በፓትሪዮት ተመትቶ ወደቀ። አብራሪው ሞተ። በዚህኛው ጊዜ ኮምፒውተሩ ያየው «ራዳር አሳዳጅ» ሳይሆን «ባሊስቲክ ሚሳኤል» ነው። ስሙ ሌላ፣ ውጤቱ ያው። የመጀመሪያው አደጋ ከደረሰ 10 ቀን አልፎታል። ሁሉም ስለ ቶርኔዶው ያውቃል። አውቀውም ተደገመ።

ተማሪው እዚህ ላይ ያነሳው ጥያቄ ደስ ብሎኛል፤ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ስላስታወሰን። «ሰውስ አይሳሳትም?» አለ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1988 ቪንሰንስ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ የኢራንን የመንገደኞች አውሮፕላን በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ላይ መትታ ጣለች። 290 ሰው አለቀ። መርከቧ ውስጥ የነበሩት ሰዎች አውሮፕላኑ ወደ እነሱ እየወረደ ነው ብለው ነበር። የመርከቧ ኮምፒውተር መዝገብ ግን አውሮፕላኑ ወደ ላይ እየወጣ እንደነበር ያሳያል። ማሽኑ ልክ ነበር። የተሳሳቱት ሰዎቹ ናቸው።

ትክክል ነው። እኔም ሰው መልአክ ነው ብዬ አልመጣሁም። ግን ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንዱ ሰው ማሽኑን አምኖ ገደለ። በሌላው ሰው ማሽኑን ሳያነብ ገደለ። በሁለቱም ግን ሰዎቹ በችኮላ ውስጥ ነበሩ። ጠላት ተኩሶ ሊቀድመኝ ነው የሚል ፍርሃት፣ በእጅ ያለው ጥቂት ደቂቃ። የተሻለ ኮምፒውተር ብትሰጣቸው ያንን ፍርሃት አይወስድላቸውም። እንዲያውም ኮምፒውተሩ ፈጣን በሆነ ቁጥር የተሰጣቸው ጊዜ ያጥራል፤ የወዲያኛው ወገንም ፈጣን ኮምፒውተር ይገዛላ።

ፓትሪዮትን በ2003 ብቻ መፍረድ ግን ግፍ ይሆናል። የኋላ ታሪክ አለው። ደርግ ሊወድቅ ሦስት ወር ሲቀረው፣ የካቲት 18 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991)፣ አንድ የኢራቅ ስከድ ሚሳኤል ሳዑዲ ዳህራን ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች ማደሪያ ላይ ወደቀ። 28 ወታደሮች ሞቱ። በአካባቢው የነበረው ፓትሪዮት አልተኮሰም።

ምክንያቱን ተማሪያችን በጣም ወዶታል፤ ሌሎቻችንን ግን አስደንግጦናል። የፓትሪዮት ኮምፒውተር ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። አንድ አሥረኛ ደግሞ በኮምፒውተሩ የዜሮና የአንድ አቆጣጠር ተጽፎ አያልቅም፤ እኛ አንድ ሦስተኛን 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው። ኮምፒውተሩ 24 ቦታ ብቻ ስለነበረው ጫፉን ቆርጦ ጣለው። የተጣለችው ነገር ኢምንት ናት። ግን ማሽኑ ሳይጠፋ በሠራ ቁጥር ትጠራቀማለች። ያ ፓትሪዮት ለ100 ሰዓት ገደማ ሳይጠፋ ሠርቶ ነበር። ስህተቱ 0.34 ሰከንድ ደረሰ። ስከድ በሰከንድ ከ1.6 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ፓትሪዮቱ ሚሳኤሉን የፈለገው ከነበረበት ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። እዚያ ምንም የለም። ምንም ስለሌለ የሐሰት ማንቂያ ነው ብሎ ተወው።

ከአደጋው ቀደም ብሎ ለተጠቃሚዎቹ ማሳሰቢያ ተልኮ ነበር። «በጣም ለረጅም ጊዜ» ሳታጠፉ አትሥሩ የሚል። በጣም ረጅም ማለት ስንት ሰዓት ነው? አልተጻፈም። የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ ነው።

እንግዲህ በ1991 ያልተኮሰው ማሽን ሰው አስፈጀ። በ2003 የተኮሰው ማሽን ሰው ገደለ። በዚህ መሐል ያለ የጦር አዛዥ የትኛውን ይፈራል? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈራው ያልተኮሰውን ነው። 28 ሬሳ የተሸከመ ጦር «ቶሎ ተኩስ» ወደሚለው ጎን ማዘንበሉ አይገርመኝም። ክፋት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። የእሽቅድምድሙም ነዳጅ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቻይና እስከ 2030 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የዓለም መሪ የመሆን እቅዷን ይፋ አደረገች። በዚያው ዓመት የሩሲያው ፕሬዚዳንት ፑቲን ለተማሪዎች ሲናገሩ በዚህ ዘርፍ የመራ ዓለምን ይገዛል የሚል ሐሳብ ወረወሩ። በኦገስት 2023 ደግሞ አሜሪካ «ሬፕሊኬተር» የሚባል እቅድ አወጣች። ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ርካሽና በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎችን ለማሰማራት ነው። ለምን ሲባል፣ የቻይናን ጦር ብዛት ለመመከት።

ጅማ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ይሄ ይገባዋል። ጎረቤት አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ሲሰካ አንተ ሽቦ ትጨምራለህ። ሽቦህን ሲያይ እሱ ውሻ ያመጣል። ሁለታችሁም «ለጥበቃ ነው» ትላላችሁ፤ ሁለታችሁም ውሸታም አይደላችሁም። የጎረቤት አጥር ግን ቢበዛ ሌባ ያስቸግራል፤ በራሱ አይተኩስም።

ፍጥነቱ የሚጨምርበትን መንገድ ደግሞ ዩክሬን ላይ አየነው። ድሮን በሬዲዮ ይመራል። ጠላት ሬዲዮውን ያፍናል። ድሮኑ ከመሪው ይቆረጥና ይወድቃል። መፍትሔው ምን ሆነ? የመጨረሻውን ጉዞ ድሮኑ ራሱ ዒላማውን በካሜራ ይዞ እንዲጨርስ ማድረግ። ሰውን ከውሳኔው እናውጣ ብሎ የተሰበሰበ ጉባኤ የለም። ሬዲዮ ታፈነ፣ መላ ተፈለገ፣ በቃ። ሰው ከነገሩ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ በአዋጅ ሳይሆን በጥገና። እኛም አገር ድሮን ሲባል የሰርግ ቪዲዮ ብቻ የሚታወሰን ዘመን ስላለፈ፣ ወሬው የሩቅ አገር ወሬ አይመስለኝም።

አዲሱ ኤአይ ከፓትሪዮት የሚከፋበት አንድ ነገር አለ። የኩዌቱን አደጋ የመረመሩት ሰዎች የተጻፈውን ሕግ አንብበው «ይሄ ሰፍቷል» ማለት ችለዋል። ዛሬ ግን ማሽኑ በሚሊዮን ምስሎች ሠልጥኖ ራሱ ነው የሚለየው። ለምን አውቶቡሱን ታንክ አልከው ብትለው ጣት የምትቀስርበት መስመር የለውም። አጣሪ ቦርድ ይቋቋም፤ ምን ያጣራል?

ዓለም ዝም አላለም። ጄኔቫ ውስጥ ስለ ራስ ገዝ የጦር መሣሪያ፣ ማለትም ዒላማውን ራሱ መርጦ ስለሚመታ መሣሪያ፣ መንግሥታት መነጋገር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በዲሴምበር 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በጉዳዩ ላይ ውሳኔ ሲያሳልፍ 152 አገሮች ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ፣ 11 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። በኖቬምበር 2024 ሊማ ላይ ባይደንና ሺ ጂንፒንግ ኑክሌር የመጠቀም ውሳኔ በሰው እጅ መቆየት አለበት በሚለው ተስማሙ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ መመሪያ አለው፣ በ2023 ታድሷል። አዛዦችና ሠራተኞች ኃይል ሲጠቀሙ «ተገቢ የሆነ የሰው ዳኝነት» እንዲኖራቸው ያዛል።

ደግ ነው። የኔ ቅሬታ ሁሉም ስለ ሰውየው ማውራታቸው ነው። ሰው ይኑር፣ ሰው ይወስን፣ ሰው ይቆጣጠር። ኩዌት ውስጥ እኮ ሰው ነበር! ቶርኔዶው ላይ የተኮሱት ሰዎች ናቸው። ያልነበራቸው ጊዜ ነው። የሚጠረጥሩበት ሌላ መረጃ ነው። የሚደውሉበት መስመር ነው። እነዚህ በሌሉበት ሰውየው ማኅተም ነው፤ ማሽኑ የጻፈውን ደብዳቤ ያትማል። ተገቢ ዳኝነት ስንት ሰከንድ ነው ብሎ የሚጽፍ ስምምነት እስኪመጣ ድረስ ነገሩ የዳህራኑን ማሳሰቢያ ይመስለኛል፤ «በጣም ለረጅም ጊዜ» እንደሚለው።

ጊዜ ሲኖር ምን እንደሚሆን የሚታወቅ ምሳሌ አለ፣ ባጭሩ ላንሳው። ደመራ ሊበራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መስከረም 15 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ የሶቪየት ኅብረት ሳተላይት አሜሪካ 5 ሚሳኤል ተኩሳለች አለ። ተረኛው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ነበር። አሜሪካ ጦርነት ከጀመረች በ5 ሚሳኤል አትጀምርም ብሎ አሰበ። የመሬት ራዳሮቹም ምንም አላሳዩም። የሐሰት ማንቂያ ነው ብሎ ሪፖርት አደረገ። ልክ ነበር፤ ሳተላይቱ ያየው ደመና ላይ ያንጸባረቀ ፀሐይ ነው። ፔትሮቭ ከፓትሪዮቶቹ ወጣቶች ይበልጥ ጎበዝ ነበር ማለቴ አይደለም። የሚያስብበት ደቂቃዎች ነበሩት፣ የሚያነጻጽርበት ሌላ ራዳር ነበረው።

ከዚህ በኋላ ወሬውን ትተን ሙከራ አደረግን። ሐሳቡ የሲስተር ነው። እኔ እንደ ኮምፒውተሩ ሆኜ አንድ ነገር እናገራለሁ፤ «ፈጣን ነገር፣ እየወረደ፣ ወደ እናንተ፣ መልስ የማይሰጥ።» ስልኬ ላይ ሰዓት እሞላለሁ። ሲጮህ እያንዳንዱ «ተኩስ» ወይም «አትተኩስ» ይላል። እስከዚያ ድረስ የፈለጉትን መጠየቅ ይችላሉ።

መጀመሪያ 5 ደቂቃ ሰጠሁ። ጥያቄ ጎረፈ። ስንት ሰዓት ነው? ከየት አቅጣጫ? ቅርብ ያለ አውሮፕላን ማረፊያ አለ? ከጦርነቱ በፊት እዚህ መንገድ ላይ ምን ይበር ነበር? ነጋዴው «ማሽኑን መጨረሻ ያስተካከለው ማነው?» ብሎ ጠየቀ፤ የሚገርም ጥያቄ ነው። ተኩስ ያለ አልነበረም።

ቀጥሎ 1 ደቂቃ። ጥያቄው 3 ብቻ ሆነ። ሁለቱ ተኩስ አሉ። ተማሪው አንዱ ነበር። ሲስተር አትተኩስ ብትልም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር። ቡና የምታፈላልን ልጅም ረከቦቱ ጋ ሆና «እኔ ብሆን እተኩሳለሁ፣ ልጆች አሉኝ» አለች። ማንም አልተቃወማትም።

ሦስተኛው ዙር 10 ሰከንድ ነበር። ሰዓቱን ሞላሁ። ነጋዴው አፉን ከፍቶ ቀረ። ተማሪው ዓይኑን ስልኬ ላይ ተከለ። ሃምሳ አለቃ ብቻ ጣታቸውን አነሱ።

«ስልኩ…» ሲሉ ሰዓቱ ጮኸ።